የላይኛው አልጋ ለማን ይሁን?

የአራት ዓመት ልጅ በተደራራቢ አልጋ ላይኛው ክፍል ይተኛ ወይስ አይተኛ? ጥያቄው ለሳይንስ መጽሔት የሚያንስ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሥራ ባልደረቦቻችን፣ ከዘመዶቻችንና ከጎረቤቶቻችን ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል ይህን ያህል ከፊዚክስ ጋር የተቆራኘ፣ ይህን ያህልም ያለ ፊዚክስ የሚወሰን ሌላ ጉዳይ አላጋጠመንም።

የጥያቄው ምንጭ ግልጽ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የጋራ መኖሪያ ቤቶች እየተስፋፉ ሲመጡ፣ ብዙ ቤተሰብ በስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ልጆቹን ማስተኛት ግድ ሆነበት። ወለል ሲጠብ ዓይን ወደ ላይ ያማትራል። አባት ወደ ብረታ ብረት ሠሪ ጎራ ብሎ በቱቦላሬ የተበየደ ተደራራቢ አልጋ ያዛል፤ አቅሙ የፈቀደለትም ከሥሩ የጥናት ጠረጴዛ የሚገባበትን፣ አንድ መኝታ ብቻ ያለውን ከፍ ያለ አልጋ ይገዛል። አልጋው ቤት በገባበት ዕለት ማታ ታናሽ “ላይ የምተኛው እኔ ነኝ” ብሎ ያለቅሳል። ታላቅ ትልቅነቱን አሳይቶ ይለቅለታል። እናት “ደፋር ነው፣ ይችላል” ትላለች። ውሳኔው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተላለፈ፤ የወሰነውም የልጁ ለቅሶ ነው።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ዕድሜው ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በላይኛው አልጋ መተኛት የለበትም። ስድስት ዓመት ለሞላውም ቢሆን ውሳኔው መመሥረት ያለበት በልጁ ድፍረት ላይ ሳይሆን በአልጋው መከታ፣ በፍራሹ ውፍረት፣ በመሰላሉና በወለሉ ላይ ነው። ይህን ለእናንተ ለተማሪዎች የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ቤት “የተማረ” ተብሎ ምክር የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ታላቅ ወንድም፣ አለበለዚያም ታላቅ እኅት ነውና።

ስለ ከፍታ እንጀምር። የላይኛው ፍራሽ ከወለሉ 1.7 ሜትር ከፍ ብሎ ተዘርግቷል እንበል። ከዚህ ከፍታ የሚወድቅ አካል ወለሉን የሚመታበትን ፍጥነት በሁለተኛ ደረጃ ከተማራችሁት ቀመር ማግኘት ይቻላል፤ የስበት ሽምጠት፣ ማለትም 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ በከፍታው እጥፍ ይባዛል፤ ከዚያም የውጤቱ ዳግም ዘር ይወሰዳል። መልሱ 5.8 ሜትር በሰከንድ፣ ወይም በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በጥሩ ሁኔታ የሚጋለብ ብስክሌት ፍጥነት ነው። ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ተራ አልጋ የሚወድቅ ልጅ ግን ወለሉ ላይ የሚደርሰው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ልጁ ይዞት የሚወርደው ጉልበት ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ጉልበቱ ከከፍታው ጋር እኩል ያድጋልና።

አወዳደቁ የሚፈጀው ጊዜ 0.6 ሰከንድ ገደማ ነው። ንቁ የሆነ ሰው አንድ ድንገተኛ ነገር አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ሲጫወት የሚወድቅ ልጅ እጁን ዘርግቶ ራሱን ለማዳን ጥቂት ፋታ አለው። ተኝቶ እየተንከባለለ የሚወድቅ ልጅ ግን መውደቁን የሚያውቀው ወለሉ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ የሚጎዳው ፍጥነቱ ራሱ ሳይሆን ፍጥነቱ የሚቆምበት ርቀት ማጠር ነው። እዚህ ላይ ማንም ሰው በቃሉ ሊያሰላው የሚችል ቀላል ዝምድና አለ። የወደቀበትን ከፍታ በቆመበት ርቀት ብናካፍል፣ በግጭቱ ጊዜ ያለው አማካይ የፍጥነት መቀነስ የስበትን ሽምጠት ስንት እጥፍ እንደሚሆን እናገኛለን። ከ1.7 ሜትር የወደቀ ጭንቅላት በሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ ወለል ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም 170 እጥፍ ይሆናል፤ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም 340 እጥፍ ይደርሳል። ይህም አማካዩ ነው፤ ከፍተኛው ነጥብ ከዚህም ይበልጣል። በአሜሪካ ለልጆች መጫወቻ ሥፍራ ወለል በወጣው መስፈርት መሠረት ከዥዋዥዌ ወይም ከሸርተቴ የሚወድቅ ልጅ ጭንቅላት ላይ የሚደርሰው ከፍተኛ ነጥብ ከ200 እጥፍ መብለጥ የለበትም። የመኝታ ክፍላችን ወለል የመጫወቻ ሜዳን ፈተና እንኳ አያልፍም ማለት ነው። በአልጋው ሥር ምንጣፍ ማንጠፍ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጨምራል፣ ከምንም ይሻላል። አሥር ሴንቲ ሜትር የሚሰምጥ ወፍራም ፍራሽ ቢነጠፍ ግን ያው ስሌት 17 እጥፍ ብቻ ይሰጠናል። የብረትና የሲሚንቶን ጥንካሬ እንደ በጎ ነገር ማየት ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ለሚወድቅ ጭንቅላት ግን ደግ ወለል የሚባለው የሚሸነፍ ወለል ነው።

“ልጅ ቀላል ነው፤ ቢወድቅም አይሰበርም” የሚሉ አሉ። በዚህ አባባል ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው አንድ ጽሑፍ ትላልቅ እንስሳትን የሚገድል አወዳደቅ አይጥን ለምን እንደማይጎዳት አስረድቷል፤ ትንሽ አካል ከክብደቱ አንፃር ሰፊ ገጽ ስላለው አየሩ ያዘገየዋል። ነገር ግን ልጅ አይጥ አይደለም፤ 1.7 ሜትርም ለአየሩ ምንም ፋታ አይሰጥም። በዚህ ርቀት ላይ የ15 ኪሎ ግራም ልጅና የ70 ኪሎ ግራም አባት እኩል ይወድቃሉ። ከላይ ባየነው ስሌት ውስጥም የክብደት ስፍራ የለም። ይልቁንም ነገሩን በልጁ ላይ የሚያከብደው የአካሉ አደላደል ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት የቁመቱ ሩብ ያህል ነው፤ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ወደ ስድስተኛ ይወርዳል፤ በአዋቂ ላይ ስምንተኛ ወደ መሆን ይጠጋል። የትንሽ ልጅ የስበት ማዕከል ከቁመቱ አንፃር ከፍ ብሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሲወድቅም ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ይቀድማል።

ሌላው የሚቀርብብን ሙግት ከዚህ የጠነከረ ነው። “እኛ በቆጥ ላይ ተኝተን አደግን፤ ምን ሆንን?” ይሉናል ታላላቆቻችን። ቆጡ ከአሁኑ የብረት አልጋ የተሻለባቸው ነገሮች ነበሩ፤ ወለሉም ሴራሚክ ሳይሆን መሬት ነበር። ነገር ግን ተረግጦ የደደረ መሬት ስፖንጅ አይደለምና ልዩነቱን ማጋነን አንሻም። የሙግቱ ስንኩልነት ሌላ ቦታ ነው። “ምን ሆንን?” ብለው ሊጠይቁን የሚችሉት ደህና ያደጉት ብቻ ናቸው፤ ከቆጥ ወድቆ የቀረው በጨዋታው መካከል ተገኝቶ አይመሰክርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሒሳብ ሊቁ አብርሃም ዋልድ የጦር አውሮፕላኖችን ጉዳት ሲያጠና ያጋጠመው ችግር ይኸው ነበር። ሊመረመሩ የሚችሉት ከውጊያ የተመለሱት አውሮፕላኖች ብቻ ነበሩ፤ ቁምነገሩ ያለው ግን ሳይመለሱ በቀሩት ላይ ነበር። ለታላላቆቻችን ያለን አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ የእነርሱ ደህና መሆን ስለ ቆጡ ብዙም አይነግረንም።

ስለዚህ የወደቁትን የቆጠረ ሰው መፈለግ አለብን። እ.ኤ.አ. በ2008 “ፔዲያትሪክስ” በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአሜሪካ ከ1990 እስከ 2005 ድረስ በተደራራቢ አልጋ ምክንያት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል የሄዱ ልጆችንና ወጣቶችን መዝግቧል። ቁጥራቸው በዓመት በአማካይ 36,000 ያህል ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የተጎዱት ወድቀው ነው። ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ከስድስት ዓመት በታች ነበሩ። አብዛኛው ጉዳት መሰንጠቅ፣ መላላጥና ማበጥ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ግን ስብራት ነበር። እናንተን ይበልጥ የሚመለከት አንድ ነገርም በጥናቱ ውስጥ አለ። ከ18 እስከ 21 ዓመት ባሉት ወጣቶች ላይ የደረሰው ጉዳት ከ14 እስከ 17 ዓመት ባሉት ላይ ከደረሰው እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ ደግሞ ወጣቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያና ወደ ጦር ሠፈር የሚገቡበት ዕድሜ ነው። በማደሪያችሁ ላይኛው አልጋ ላይ ተጋድማችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ መከታውን ዳሰስ አድርጉት።

መከታ ካልን በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነውና። መከታ እንዴት ያድናል? አንድን ጎማ በመሐል ዘንጉ ላይ አግድም እየገፋችሁ ደረጃ ለማስወጣት ሞክሩ። የደረጃው ከፍታ ከጎማው ሬዲየስ ካነሰ ጎማው ይወጣል፤ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ግን የፈለገውን ያህል ብትገፉት አይወጣም። ተኝቶ የሚንከባለል ልጅም እንደዚያ ጎማ ነው። በጎኑ ሲሆን የስበት ማዕከሉ ከፍራሹ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ከፍራሹ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብቅ ያለ መከታ ጌጥ ነው እንጂ መከታ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ደንብ መከታው ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 12.7 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ያዛል፤ የአውሮፓው መስፈርት 16 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ የጎማው ምሳሌ በግምት ይነግረናል።

እዚህ ላይ በየቤቱ ሳይታወቅ የሚፈጸም አንድ ነገር አለ። በያጁ መከታውን የሚለካው ከአልጋው ርብራብ ተነሥቶ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ይበይደዋል እንበል። መጀመሪያ የተገዛው ስፖንጅ ፍራሽ 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስለነበረው 18 ሴንቲ ሜትር መከታ ቀረ፤ መልካም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ፈቀቅ ሲልለት፣ ለልጁ አዝኖ፣ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ፍራሽ ገዛለት። የቀረው መከታ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ማንም ሰው አልጋውን አልነካም፤ አንድም ብሎን አልወለቀም፤ አልጋው ግን መከታ አልባ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ይመስላል።

ከግድግዳ ጋር የተጠጋው ጎንስ? “ግድግዳው ራሱ መከታ ነው” በሚል ያለ ብረት ይተዋል። አልጋ ግን ይንሸራተታል። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ልጅ በእግሩ በኩል ሊሾልክ ይችላል፤ ወገቡና ደረቱ ያልፋሉ፣ ጭንቅላቱ ግን አያልፍም። ተሰቅሎ ይቀራል። በአሜሪካው ደንብ በግድግዳው በኩል ያለው መከታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ እንዲሄድ፣ በላይኛው አልጋ ላይ ያለ ማንኛውም ክፍተትም ከ8.9 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። በየሠፈሩ በሚሠሩ አልጋዎች ላይ የመከታው ብረቶች የሚራራቁት ብረት ለመቆጠብ ነው። አንድ ተጨማሪ ብረት የሚያስወጣው ገንዘብ ከአልጋው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ እኛ በዚህ ቁጠባ ፈጽሞ አንስማማም።

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ የተኛ ልጅን ይመለከታል። የቆመ ልጅ ነገር ሌላ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ቁመቱ 115 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የስበት ማዕከሉ ከእግሩ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እምብርቱ አካባቢ ይገኛል። ፍራሽ ላይ ቆሞ ሲዘል 18 ሴንቲ ሜትር የሆነው መከታ የሚደርሰው ቅልጥሙ ላይ ነው። ከስበት ማዕከል እጅግ ዝቅ ብሎ የሚነካ መከታ አያስቆምም፤ ያደናቅፋል። ይህን የምንለው መከታውን ለማጣጣል አይደለም። መከታ የሚጠብቀው እንቅልፍን ነው፤ ጨዋታን የሚጠብቀው የልጁ ማስተዋልና “ላይ መዝለል የለም” የሚለው የቤቱ ሕግ ብቻ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሕጉን ይሰማል፣ በቃሉም ይደግመዋል፣ ከአፍታ በኋላም ይዘላል። ዕድሜው ነው።

ስድስት ዓመት የሚለው ወሰን ከፊዚክስ የወጣ አይደለም። አንድ ልጅ በስድስተኛ ልደቱ ዋዜማ ከልደቱ ማግስት የተለየ የስበት ሕግ አይገዛውም። ወሰኑ የተቆረጠው ልጆች ትእዛዝን የሚያስታውሱበትን፣ በሌሊት ተነሥተው የት እንዳሉ የሚያውቁበትን፣ እጅና እግራቸውን የሚያቀናጁበትን ዕድሜ በጅምላ በመገመት ነው። የአሜሪካውም የአውሮፓውም ደንብ በዚሁ ዕድሜ ላይ መስማማታቸው ለእኛ በቂ ነው። “የእኔ ልጅ ከዕድሜው ቀድሟል” የሚል ወላጅ አይጠፋም። ሊሆን ይችላል። ሆኖም ልጁ የቀደመው በፊደል ቆጠራ ከሆነ፣ ፊደል መቁጠር በእኩለ ሌሊት መሰላል አያስወርድም።

መሰላሉን ካነሣን አይቀር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ መሰላል ከዘመመው የከፋ መሆኑን እንጠቁም። ቀጥ ባለው መሰላል ላይ የልጁ የስበት ማዕከል ከርካቡ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይወጣል፤ ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ በእጆቹ መሳብ አለበት። ልጁ 20 ኪሎ ግራም ቢመዝንና እጆቹ ከእግሮቹ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ቢይዙ፣ የሚስብበት ኃይል 56 ኒውተን ይሆናል። ስድስት ኪሎ ግራም የሚጠጋ ዕቃ ያለማቋረጥ እንደ መያዝ ነው፤ ያውም በእንቅልፍ ልብ፣ በጨለማ፣ ሽንቱ አጣድፎት። መሰላሉ ሲዘም ግን ክብደቱ ወደ እግሩ ይመለሳል። ጠባብ ደረጃ ያለው አልጋ ከሁሉም ይሻላል፤ ችግሩ ደረጃው ልናተርፍ የፈለግነውን ያንኑ ወለል መልሶ መብላቱ ነው።

ከፍ ያለው ነጠላ አልጋ በመጠኑ ዝቅ ተደርጎ፣ 1.2 ሜትር ላይ፣ ሲሠራ “ይህስ ለሕፃን ይስማማል” ይባላል። ከፍታው በሰላሳ በመቶ ገደማ ቀንሷል። ፍጥነቱ ግን ከከፍታው ዳግም ዘር ጋር ስለሚሄድ የቀነሰው በ16 በመቶ ብቻ ነው፤ በሰዓት 17.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካው ደንብ ርብራቡ ከወለሉ ከ76 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ያለውን አልጋ ሁሉ በዚያው በተደራራቢው አልጋ ሕግ ያያል።

በጣሪያው አቅራቢያ ስላለው አየርም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ክረምት ላይ ከሰል በቤት ውስጥ አንድዶ መተኛት የብዙ ቤተሰብን ሕይወት የሚያሰጋ ልማድ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ “ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ይተኛል” የሚባለው ስሕተት ነው፤ ሞለኪዩሉ ከአየር ጥቂት ይቀልላል፣ ከምድጃው ሲወጣም ሞቃት ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ላይ ያለው ልጅ ቀድሞ ይተነፍሰዋል፤ ታች ያለውም ቢሆን አያመልጥም። በድሬዳዋና በሌሎች ሞቃት ከተሞች ደግሞ የጣሪያ ቬንቲሌተር ባለበት ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ማስገባት በእኛ እምነት ጨርሶ መታሰብ የለበትም።

ታዲያ ቦታ የጠበበው ቤተሰብ ምን ያድርግ? ታላቁ ላይ፣ ታናሹ ታች ይተኛ፤ ለቅሶው ሁለት ሌሊት ነው። ሁለቱም ከስድስት ዓመት በታች ከሆኑ ከትልቁ አልጋ ሥር ቀን ቀን የሚገባ፣ ማታ የሚሳብ ዝቅተኛ አልጋ ማሠራት ይቻላል፤ እዚያው በያጅ ዘንድ፣ ባነሰ ብረት። ከዚህም የሚቀልል አለ፤ ማታ የሚነጠፍና ጠዋት የሚታጠፍ ፍራሽ። ብዙ ወላጆች ይህን የሚሸሹት ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እንግዳ ነው፤ መሬት ላይ መተኛት የድህነት ምልክት ተደርጎ ይታያልና። ከ10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ልጅ ግን አያለቅስም፤ አንዳንዴም አይነቃም። ለእንግዳ ዓይን ሲባል ሕፃንን 1.7 ሜትር ላይ መስቀል ምን ዓይነት ኩራት እንደሆነ አይገባንም።

ተደራራቢው አልጋ ከታዘዘ ደግሞ ሜትር ይዛችሁ በያጁ ዘንድ ሂዱ። በአራቱም ጎን መከታ፤ መውጫው ከ38 ሴንቲ ሜትር ያልሰፋ፤ ክፍተቱ ከ8.9 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፤ መሰላሉ የዘመመና በብሎን የታሰረ፤ አልጋው ከግድግዳ ጋር የሚያያዝበት ቀዳዳ ያለው ይሁን። በውጭ አገር ፋብሪካ በተሠሩ አልጋዎች ላይ የፍራሹን የመጨረሻ ውፍረት የሚያሳይ ምልክት ይደረጋል። በያጁ ይህን ምልክት ካላደረገ እናንተው አድርጉት። ከመከታው ጫፍ ወደ ታች 16 ሴንቲ ሜትር ለኩና በቀይ ቀለም መስመር አስምሩ፤ ፍራሽ ከዚያ መስመር በላይ ከወጣ ወይ ፍራሹ ይለወጥ፣ ወይ መከታው ይቀጠል።